ውሳኔው ሪችመንድ፣ ክፍያው አሌክሳንድሪያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ከተማ በጀት፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ፍሳሽ ክፍያ፣ ስለ ፌስታልና ስለ ፎም ዕቃ ከሰሜን ቨርጂኒያ የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ሁሉም የከተማው ሹማምንትና የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ሥልጣን ከሚለያይበት ቦታ የሚነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ አቤቱታዬን ሳቀርብ «ይህ ሪችመንድን ነው የሚመለከተው» ተባልኩ። ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ከተማ እንዴት በራሱ አይወስንም? እየሸሹኝ ነው ወይስ እውነት ነው? (አንባቢ፣ ዌስት ኤንድ)

መልስ፦ በአብዛኛው እውነት ነው። ሪችመንድ የቨርጂኒያ ስቴት ዋና ከተማ ናት፤ የስቴቱ ሕግ አውጪ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ቨርጂኒያ «ዲሎን ሩል» የሚባለውን መርሕ ትከተላለች። ስሙን ያገኘው በ1868 ከፈረዱት የአዮዋ ዳኛ ከጆን ዲሎን ነው። በዚህ መርሕ መሠረት ከተማም ሆነ ካውንቲ የስቴቱ ሕግ አውጪ በግልጽ የሰጠው ሥልጣንና ከዚያ ጋር የግድ አብሮ የሚሄደው እንጂ ሌላ ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ መሰጠቱ ካጠራጠረ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

የፌስታልን ጉዳይ እንመልከት። አሌክሳንድሪያ በራሷ ምክር ቤት ውሳኔ ብቻ የፌስታል ቀረጥ መጣል አትችልም ነበር። የስቴቱ ሕግ አውጪ አካል፣ ማለትም ጀነራል አሴምብሊው፣ በ2020 ፈቃዱን ለከተሞችና ለካውንቲዎች ሰጠ። ከዚያ በኋላ ነው አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ማስከፈል የጀመሩት።

ይሁን እንጂ «ሪችመንድን ነው የሚመለከተው» የሚለው መልስ የጥያቄዎ ማብቂያ መሆን የለበትም። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በመከር ወቅት ከስቴቱ የሚፈልጋቸውን ሕጎችና ገንዘብ ዘርዝሮ ሰነድ ያወጣል፤ በሰነዱም ላይ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። ስለዚህ እንደዚያ ሲባሉ «እንግዲያው በዘንድሮው የሕግ ጥያቄ ዝርዝራችሁ ውስጥ አለ? ከሌለ ታስገቡታላችሁ?» ብለው መልሰው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ ሪችመንድን ጠቅሶ ማለፍ አይቻልም።

አንድ ነገር ቀድመው ያጣሩ። በፖስታ አድራሻዎ ላይ «አሌክሳንድሪያ» ስለተጻፈ ብቻ የከተማዋ ነዋሪ ነዎት ማለት አይደለም። ኪንግስታውንን የመሰሉ ብዙ ሰፈሮች አድራሻቸው አሌክሳንድሪያ ቢሆንም ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። በቨርጂኒያ ከተማ የካውንቲ አካል አይደለም፤ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ መንግሥታት ናቸው። የመኪናዎን ግብር ለማን እንደሚከፍሉ ቢሉ ላይ ይመልከቱ። ፌርፋክስ ካውንቲ የሚል ከሆነ አቤቱታዎን መስማት ያለበት የካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ነው። ሰዎች ወራት የሚያባክኑት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የውሃ ቢል ከአንድ ቦታ፣ የፍሳሽ ቢል ከሌላ ቦታ ይመጣልኛል። ከቤት ግብሩ ጋር ደግሞ የዝናብ ውሃ ክፍያ አለ። «ዋሻው ሲያልቅ ጎርፉ ይቀራል» ሲባልም ሰምቻለሁ። ሁሉም ክፍያ ለአንድ ሥራ ነው? (የታውንሃውስ ባለቤት፣ ዴል ሬይ)

መልስ፦ አይደለም። ሦስቱ ክፍያዎች ለሦስት የተለያዩ አካላት የሚሄዱ ናቸው፤ አቤት የሚባልበትም ቦታ ለየቅል ነው።

የመጠጥ ውሃውን የሚሸጠው ቨርጂኒያ አሜሪካን ዋተር የግል ኩባንያ ነው። ታሪፉን የሚያጸድቀው ሪችመንድ ያለው የስቴቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ስለሆነ፣ የውሃ ዋጋ ጨመረ ብሎ ከንቲባዋን መውቀስ ፍሬ የለውም። ኮሚሽኑ የታሪፍ ጭማሪ ጥያቄ ሲቀርብለት የደንበኞችን አስተያየት ይቀበላል፤ መጻፍ ያለብዎት ለእሱ ነው። ፍሳሹን የሚያጣራው አሌክስሪኒው ግን የሕዝብ ድርጅት ነው። አምስቱን የቦርድ አባላት የሚሾመው የከተማው ምክር ቤት በመሆኑ እዚህ ላይ የምክር ቤት አባላቱ የሚጠየቁበት ነገር አላቸው። የዝናብ ውሃ ክፍያው ደግሞ የከተማው የራሱ ነው።

ዋሻው፣ ማለትም ፍሳሽ የሚይዘው የመሬት ሥር ዋሻ፣ የአሌክስሪኒው ሥራ ነው። የተቆፈረበት ምክንያት በኦልድ ታውን 540 ኤከር ያህል ቦታ ላይ የተዘረጉት አሮጌ ቧንቧዎች የመጸዳጃውን ፍሳሽና የዝናቡን ውሃ አደባልቀው የሚወስዱ መሆናቸው ነው። ዝናቡ ሲበረታ ቧንቧው አልችል ይላል፤ ድብልቁም ሳይጣራ በአራት መውጫዎች ወደ ፖቶማክ ወንዝና ወደ ገባር ጅረቶቹ ይፈስሳል። መጠኑ በዓመት 140 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ነበር። ከተማው ኦሮኖኮ ቤይ ላይ የሚፈስሰውን መውጫ ከሌሎቹ በኋላ ለመሥራት አቅዶ ነበር። ጀነራል አሴምብሊው ግን በ2017 አራቱም እስከ ጁላይ 1 ቀን 2025 እንዲስተካከሉ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ ገዥው ቴሪ ማኮሊፍም ፈረሙበት። ቀነ ገደቡ በኋላ በአንድ ዓመት ተራዝሟል።

ሕጉ ሲወጣ ገንዘቡ አብሮት አልመጣም። በከተማ መሪዎችና በሕግ አውጪዎች መካከል ከዚያ ወዲህ የቆየው ክርክር መነሻው ይህ ነው፤ በእኛ አስተያየት የከተማው ቅሬታ ተገቢ ነበር፣ የወንዙ መጽዳት ግን ሊዘገይ የሚገባው ነገር አልነበረም። የጠቅላላው ፕሮጀክት ወጪ 615 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በ2021 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 321 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ስቴቱም በዚያው ዓመት ከወረርሽኙ ማገገሚያ ገንዘብ ለአሌክሳንድሪያ 50 ሚሊዮን፣ ለሪችመንድ 50 ሚሊዮን፣ ለሊንችበርግ 25 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ብድሩን የሚመልሱት የፍሳሽ ደንበኞች ናቸው፤ ቢልዎ የጨመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሁለት ማይል በላይ የሚረዝመው ዋሻ በዝናብ ጊዜ ድብልቁን ይዞ ወደ ማጣሪያው ይልካል፤ ዋና ሥራውም ወንዙን ከብክለት መጠበቅ ነው። ዴል ሬይ መንገድ ላይ የሚተኛውን የዝናብ ጎርፍ ያስቀራል ብለው ግን አይጠብቁ። ለእሱ የሚውለው የከተማው የዝናብ ውሃ ክፍያ ነው። ክፍያው በ2018 ተጀመረ፤ ከ2019ና ከ2020 ጎርፎች በኋላ በ2021 በአንድ መለኪያ (ክፍያው የሚሰላበት አሃድ) በዓመት ከ140 ወደ 280 ዶላር አደገ፣ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ታውንሃውስ የሚከፍለው የመለኪያውን 0.42፣ ኮንዶ 0.28 ነው፤ በ280 ዶላር ሒሳብ ታውንሃውስ 117 ዶላር ከ60፣ ኮንዶ 78 ዶላር ከ40 ማለት ነው። ቤትዎ ከዚህ ምድብ ውጭ ተመድቦ ካገኙት እርማት ይጠይቁ። በግቢዎ የዝናብ ውሃን የሚያሰርግ ወይም የሚያቆይ ሥራ ከሠሩ ቅናሽ አለ፤ ማመልከቻው የሚገባው በክረምቱ፣ ከዲሴምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 15 ነው።

ጥያቄ፦ ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቤዝመንታችን ውሃ ይገባዋል። ከተማው ይረዳል? ምን ማድረግ አለብን? (ባልና ሚስት፣ ኦልድ ታውን አጠገብ)

መልስ፦ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ከወለል ማፍሰሻው፣ ከቤዝመንት መጸዳጃው ወይም ከሻወሩ ሥር ሽቅብ የሚወጣና የሚሸት ከሆነ የፍሳሽ መስመሩ ሞልቶ ወደ እናንተ እየተመለሰ ነው። ከመስኮት ጉድጓድ፣ ከበር ሥር ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የመሬት ላይ ጎርፍ ነው። መፍትሔያቸው አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የሚሆነውን ለሌላው ገዝቶ ገንዘቡን የሚያባክን ሰው ብዙ ነው።

ሽቅብ ለሚመለሰው ፍሳሽ የሚያስፈልገው ውሃው ወደ ውጭ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ የመመለሻ መከላከያ ቫልቭ ነው። በውስጡ ያለው ክዳን ፍሳሹ ከመንገድ ሲገፋ ይዘጋል። ክዳኑ ሲዘጋ ግን የእናንተም ውሃ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ የልብስ ማጠቢያ አታስነሱ፣ ሻወር አትግቡ፤ አለበለዚያ ቤዝመንቱን የሚሞላው የራሳችሁ ውሃ ይሆናል። ቧንቧ ሠራተኛው ቫልቩን የቤዝመንቱ መስመር ላይ ብቻ ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠይቁት፤ ከተቻለ ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ እንደልብ ይሠራል። ሥራው የከተማ ፐርሚት ይፈልጋል። ከተገጠመ በኋላም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ መጽዳት አለበት። ክዳኑን ክፍት አድርገው የሚያስቀሩት ብዙውን ጊዜ እርጥብ መጥረጊያ ወረቀትና የረጋ ስብ ናቸው። የወጥ ዘይትና ቅቤ በሙቅ ውሃ ቢለቀቅም ጥቂት ርቆ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል፤ ስለዚህ የድስቱን ቅባት በወረቀት ጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው።

ለመሬት ላይ ጎርፍ ደግሞ የመስኮት ጉድጓድ ክዳን፣ የጣሪያ አሸንዳ ማራዘሚያ፣ የግቢውን ተዳፋት ከቤቱ ማራቅና ባትሪ ያለው ሰምፕ ፓምፕ (ቤዝመንት ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣ) ይረዳሉ። ባትሪው የሚያስፈልገው ኃይለኛ ዝናብ ብዙ ጊዜ መብራት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የፓምፑ ውሃ የመጸዳጃ መስመር ውስጥ እንዳይገባ፤ የሞላውን ቧንቧ የበለጠ ያስጨንቀዋል።

ከተማው ከ2021 ጀምሮ እንዲህ ላለው ሥራ የወጪውን ግማሽ፣ እስከ 5,000 ዶላር፣ የሚመልስ የድጎማ ፕሮግራም አለው። ከኮንትራክተር ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ ወደ 311 ደውላችሁ የዓመቱ ገንዘብ መኖሩንና የእናንተ ሥራ የሚካተት መሆኑን አረጋግጡ። ፐርሚቱን፣ ውሉን፣ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የተነሳ ፎቶ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ሥራ ማስረጃ የለውም።

ውሃ በገባ ቁጥር ለ311 ማመልከትም አይቅር። ሰዓቱን፣ የውሃውን ከፍታ በኢንች፣ ከየት እንደገባ ተናገሩ። ጎረቤቶቻችሁም እያንዳንዳቸው ይደውሉ፤ ለከተማው ቀድሞ የሚሠራውን መንገድ ለመምረጥ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ከነዋሪ የሚደርሰው ጥቆማ ነውና። ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የተመላሽ ፍሳሽ ሽፋን ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ ነው። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ከተገዛ በኋላ በአብዛኛው 30 ቀን ካልሞላው ስለማይሠራ ደመና ሲታይ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ማኅበር ለመንገዳችን የጎርፍ መውረጃ ከስቴቱ ገንዘብ እንዲመደብ መጠየቅ ይፈልጋል። ባለፈው ጊዜ ማርች ላይ ደብዳቤ ጽፈን «ጊዜው አልፏል» ተባልን። መቼ፣ ለማን፣ ምን ብለን እንጠይቅ? (የማኅበር ጸሐፊ)

መልስ፦ ማርች ለሪችመንድ በእርግጥ ረፍዷል። ለከተማው በጀት ግን ትክክለኛው ወር ነው። ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች መደባለቅ የለባቸውም።

የከተማው በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። የከተማው ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን ፌብሩዋሪ መጨረሻ ገደማ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ሜይ መጀመሪያ ገደማ ያጸድቀዋል። በመሃል፣ ማርች ላይ፣ የቤት ግብሩ ከዚህ አይበልጥም የሚባልበት ጣሪያ በማስታወቂያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ከጣሪያው በላይ ማስከፈል ስለማይችል፣ ተጨማሪ ወጪ የሚፈልግ ጥያቄ ከዚያ በፊት ቢሰማ ይሻላል።

ስቴቱ ዘንድ በጀቱ የሁለት ዓመት ነው። በጎዶሎ ያልሆነው፣ ማለትም በ2026ና በ2028 ዓይነቱ ዓመት አዲስ ይጸድቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይሻሻላል። ገዥው ረቂቁን ዲሴምበር ላይ ያቀርባሉ። ጀነራል አሴምብሊው ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፤ ስብሰባው አንዱን ዓመት 60 ቀን፣ ሌላውን ዓመት በተለምዶ 46 ቀን ይቆያል። የጀነራል አሴምብሊው አባላት የበጀት ማሻሻያ የሚያስገቡበት ጊዜ ስብሰባው በተከፈተ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ማርች ላይ የተጻፈው ደብዳቤ የደረሰው በሩ ከተዘጋ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራውን ሴፕቴምበር ላይ ጀምሩ። መጀመሪያ የከተማውን የዝናብ ውሃ ክፍል አነጋግሩ፤ መንገዳችሁ በፕሮጀክት ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ንድፉ ተሠርቷል? ግምቱ ስንት ነው? ከዚያ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ምክር ቤቱ በሕግ ጥያቄ ዝርዝሩ እንዲያስገባው ጠይቁ። የከተማው ድጋፍ የሌለው የሰፈር ጥያቄ ሪችመንድ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከተማችሁስ ምን አለ?» ነው። ኖቬምበር ላይ በጀነራል አሴምብሊው ሰፈራችሁን ከሚወክሉት ዴሌጌትና ሴናተር ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ ያን ጊዜ እዚሁ ናቸው፣ ጊዜም አላቸው። ጃንዋሪ ሲገባ ለአንድ ጉዳይ አምስት ደቂቃም ላያገኙ ይችላሉ።

የጥያቄው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመንገዱ ስም፣ ስንት ቤት ውሃ እንደገባውና በየትኞቹ ቀኖች፣ የቧንቧው አሁን ያለው ስፋትና የሚያስፈልገው፣ የጠቅላላ ወጪው ግምት፣ ከተማው የሚያዋጣው፣ ከስቴቱ የሚፈለገው የዶላር መጠንና የበጀት ዓመቱ በቁጥር ይግባ። «በጎርፍ ተቸግረናልና እርዱን» የሚል ደብዳቤ የሚወድቀው አዛኝ ጠፍቶ አይደለም፤ የበጀት ማሻሻያ የሚጻፈው በቁጥር ስለሆነ ሠራተኛው የሚጽፈውን ያጣል። ሁለተኛው የመውደቂያ ምክንያት የከተማው ድርሻ አለመኖር ነው።

ሁሉም የስቴት ገንዘብ በበጀት ማሻሻያ አይመጣም። በ2020 ሕግ የተቋቋመ የማኅበረሰብ ጎርፍ ዝግጁነት ፈንድ አለ፤ ቢያንስ ሩቡ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አካባቢዎች እንዲውል ሕጉ ያዛል። አመልካቹ ግለሰብ ወይም ማኅበር ሳይሆን ከተማው ነው፤ የእናንተ ሥራ ሰፈራችሁ በማመልከቻው ውስጥ እንዲገባ መጎትጎት ነው። ይህ ፈንድ ከኃይል ማመንጫዎች የካርቦን ጨረታ ገቢ 45 ከመቶውን ያገኝ ነበር። ቨርጂኒያ ጨረታውን ከሚያካሂደው የስቴቶች ኅብረት በ2023 መጨረሻ ስትወጣ ያ ምንጭ ተቋረጠ። በኖቬምበር 2024 የፍሎይድ ካውንቲ ፍርድ ቤት አወጣጡ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ ዴሌጌታችሁን ስለ መንገዳችሁ ብቻ ሳይሆን የዚህን ፈንድ ምንጭ በተመለከተ ድምፃቸው ወዴት እንደሆነም ጠይቁ፤ የብዙ ሰፈር ዕጣ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ሌላው በር የዝናብ ውሃን ለሚያጣሩ ሥራዎች ግማሹን የሚሸፍነው የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤቱ ድጎማ ነው።

የጀነራል አሴምብሊው ንዑስ ኮሚቴ ፊት ለመናገር ከሄዳችሁ በማለዳ ይሆናል፤ የሚሰጣችሁ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። የረቂቁን ቁጥር፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆናችሁን፣ አንድ እውነታ፣ አንድ ጥያቄ፤ በቃ። አስር ሰው አንድ ዓይነት ንግግር ከሚደግም አንድ ሰው ተናግሮ ሌሎቹ ቢቆሙለት የተሻለ ይሰማል። «ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ» ከተባለ ረቂቁ ለዚያ ዓመት ሞቷል ማለት ነው። «ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ» ከተባለ ገና ተስፋ አለው።

ጥያቄ፦ ዜግነት የለኝም፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ምክር ቤት ፊት መናገር እችላለሁ? (ተከራይ፣ ዌስት ኤንድ)

መልስ፦ ይችላሉ። ዜግነት የሚጠየቀው ለምርጫ እንጂ ለመናገር አይደለም፤ ተከራይ መሆንዎም አያግድዎትም። የሕዝብ መስሚያው ስብሰባ በአብዛኛው ቅዳሜ ነው። አስቀድመው የተናጋሪ ቅጽ ይሞላሉ፤ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። አማርኛ በከተማዋ በብዛት ከሚነገሩ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በጥቂት ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። ንግግርዎ ሲተረጎም ጊዜ እንደሚወስድም ያስቡ፤ በአማርኛ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እንዳያልፍ አድርገው ያዘጋጁት።

ጥያቄ፦ እንጀራና ቅመም የምንሸጥበት ግሮሰሪ አለን፤ ከጎኑ ደግሞ ትንሽ ምግብ ቤት። ፌስታሉና ፎሙ ላይ የወጣው ሕግ እኛን እንዴት ይነካናል? (ነጋዴ)

መልስ፦ የፌስታል ቀረጡ የሚመለከተው ግሮሰሪን፣ ኮንቪኒየንስ ስቶርንና ፋርማሲን ነው። ስለዚህ የግሮሰሪው ካሸር 5 ሳንቲሙን ያስከፍላል፤ የምግብ ቤቱ አያስከፍልም። ሁለቱ በአንድ ካሽ ሬጅስተር የሚሠሩ ከሆነ ግራ መጋባቱ ከዚያ ይጀምራልና ለየብቻ ቢመዘገቡ ይሻላል። ከ5ቱ ሳንቲም 1ዱ ለሱቁ ይቀራል፤ እስከ 2022 መጨረሻ 2 ሳንቲም ነበር። የቀረውን ለስቴቱ የግብር መሥሪያ ቤት በተከታዩ ወር እስከ 20ኛው ቀን አስታውቀው ይከፍላሉ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ አትክልት ወይም ተመዝኖ የሚሸጥ ያልታሸገ እህል ብቻ የሚያዝባት ስስ ፌስታል ቀረጥ የለባትም። እጀታ ያለውና ውፍረቱ 4 ሚል (አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺሕኛ ነው) የሚሞላ ጠንካራ ፌስታልም እንዲሁ። በስናፕ (በመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚገዛ ደንበኛ ግን ቀረጡ አይቀርለትም፤ ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቀረጡ ገቢ ከተማው ለስናፕና ለዊክ (ለእናቶችና ለሕፃናት የምግብ ድጎማ) ተጠቃሚዎች ተመላላሽ ቦርሳ እንዲገዛ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ደንበኞችዎ እንዲያገኙ ከተማውን ይጠይቁላቸው።

ፎሙ ላይ ያለው ሕግ ምግብ ቤቱን ይነካዋል። 20ና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ከጁላይ 1 ቀን 2025፣ ሌሎቹ ሁሉ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ምግብ በነጭ ፎም ዕቃ ማቅረብ አይችሉም። ቅጣቱ በቀን እስከ 50 ዶላር ነው። ትንሽ ቤት ከሆነና ለውጡ ከባድ የኢኮኖሚ ጫና የሚያመጣ ከሆነ የአካባቢው መስተዳድር ቢበዛ ለአንድ ዓመት ሊያቆየው ይችላል፤ ለዚህ ግን የዕቃ ዋጋ ማነጻጸሪያ በወረቀት ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ምትክ ሲመርጡ ለወጥ የሚሆነው የወረቀት ሣህን ሁሉ አይደለም፤ ትኩስ ቀይ ወጥ ስሱን ካርቶን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያረጥበዋል። ክዳን ያለው ፖሊፕሮፒሊን ጎድጓዳ ለወጡ፣ ካርቶን ለእንጀራው ብለው ቢለዩ እንጀራውም በእንፋሎት አይበሰብስም። ጅምላ ከማዘዝዎ በፊት ከየዓይነቱ ጥቂት ወስደው በትኩስ ሽሮ ሞልተው አንድ ሰዓት አቆይተው ይሞክሩት።